ጠይቁን፦ «የዘመድ ቤዝመንት ውስጥ ያለ ሰው ሆምለስ ይባላል እንዴ?»

እንደምን ከረማችሁ። ከዚህ ወር ጥያቄዎች ውስጥ አራቱን አንድ ላይ ያደረግኳቸው ሆን ብዬ ነው፣ አራቱም የሚሽከረከሩት አንድ ከተማ ላይ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። ለማታውቋት፣ ከዲሲ ፖቶማክን ተሻግሮ ያለች፣ 15 ስኩዌር ማይል ገደማ የሆነች፣ 160 ሺህ አካባቢ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት፣ የኛ ሰው ብዛት ደግሞ ትምህርት ቤቶቿ ለወላጅ የሚልኩት ወረቀት በአማርኛም እስኪመጣ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ረጅም መልስ ስለፈለገ ሌሎቹን አሳጥሬያለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ። «ሰላም ለናንተ ይሁን። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ኡበር ነው የምሰራው። ሳውዘርን ታወርስ ነበር የምንኖረው፣ ሬንቱ ሲከብደን ለቀን የአጎቴ ልጅ ቤዝመንት ከገባን አንድ ዓመት ሊሞላን ነው። አሁን እነሱ ቤቱን ሊሸጡት ነው፣ በሁለት ወር ውስጥ መውጣት አለብን። መኪናዬ ትራንስሚሽኗ ሄዶ ያጠራቀምኩትን ሁሉ በላችው፣ ለዲፖዚትና ለመጀመሪያ ወር የሚሆን የለኝም። ባለቤቴ ሼልተር ደውልና ጠይቅ ትላለች። እኔ ደግሞ ልጆች ይወስዳሉ ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ደግሞስ ቤት ውስጥ እየኖርኩ ሆምለስ ነኝ ብል ውሸት አይሆንብኝም?» — ስሜ ይቆየኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ። ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳህን ልመልስልህ። ቤት ስላጣችሁ ብቻ ልጆቻችሁን የሚወስድ የለም። ልጅ የሚወሰደው ጥቃት ወይም ከባድ ቸልተኝነት አለ ሲባል ነው፣ ድህነት ደግሞ ሁለቱንም አይደለም። ቤተሰብ የሚቀበሉት ሼልተሮች፣ ቤት ያጣ ሰው ለጊዜው የሚያርፍባቸው ቦታዎች ማለት ነው፣ እናትና አባትን ከነልጆቻቸው ነው የሚያስገቡት። ይሄን ወሬ የሚያወሩ ሰዎች ክፋት የላቸውም፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ የገጠመውን ሌላው እየጨመረበት ለቅሶ ቤትና ጥምቀት ላይ ሲወራ ሲወራ ሕግ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስንት ቤተሰብ በዚህ ወሬ ምክንያት ሳይደውል ሳምንታት ሆቴል ውስጥ ብር ጨርሶ፣ ከዛ መኪና ውስጥ አድሮ፣ በመጨረሻ ሲደውል ለመከላከል የሚሆነው ጊዜ ያለፈበት።

አሁን ወደ «ውሸት አይሆንብኝም ወይ» እንምጣ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ እንደሚጠይቅህ መስሪያ ቤት ይለያያል። ለልጆችህ ትምህርት ቤት ከሆነ አዎ፣ ዛሬውኑ፣ ቤዝመንት ውስጥ እያላችሁም። ማኪኒ ቬንቶ የሚባል የ1987 የፌደራል ሕግ አለ፣ በዚህ ሕግ ቤት አጥቶ በችግር ምክንያት ዘመድ ጋ የተጠጋ ልጅ እንደ ሆምለስ ተማሪ ነው የሚቆጠረው። ይሄ ስም ብቻ እንዳይመስልህ። ነገ ተነስታችሁ ፌርፋክስ ወይ ማናሳስ ብትሄዱ እንኳን ልጆችህ ለነሱ የሚበጅ ከሆነ ያሉበትን ትምህርት ቤት ሳይለቁ መቀጠል ይችላሉ፣ ትራንስፖርቱን ዲስትሪክቶቹ ናቸው የሚያመቻቹት፣ ምሳውም ነፃ ነው፣ አዲስ ትምህርት ቤት ከገቡም የአድራሻ ወረቀት አልተሟላም ተብሎ በር ላይ አይመለሱም። በየዲስትሪክቱ ለዚህ ብሎ የተመደበ ሰው አለ፣ ሊያዞን ይሉታል። የትምህርት ቤቱን ሶሻል ወርከር «ሊያዞኑን አገናኝኝ» በላት፣ ሌላ ምንም ማብራራት አይጠበቅብህም።

ለሼልተር ግን አሁን ሆምለስ አይደለህም። የፌደራሉ የቤቶች መስሪያ ቤት፣ ሀድ የሚሉት፣ የሚቆጥረው በዋናነት ሼልተር ውስጥ ያለውን ወይም ለሰው ማደሪያ ባልተሰራ ቦታ፣ መንገድ ላይ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ የሚያድረውን ነው። ዘመድ ጋ ያለ ሰው እዛ ውስጥ የሚገባው ያለበትን ቤት በ14 ቀን ውስጥ የሚለቅ ከሆነ፣ የሚሄድበትም ከሌለው፣ ለሌላ ቤት የሚከፍለውም ካጣ ነው። አስራ አራት ቀን፣ ይቺን ቁጥር ያዛት። አንተ ገና ሁለት ወር ስላለህ አልጋ ብትጠይቅ የለም ይሉሃል፣ እውነታቸውን ነው። ግን መደወል ያለብህ አሁን ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ላስተረጉም አጠገቧ ተቀምጬ በስፒከር ደወልን። ከዛ በኩል ያለችው ሠራተኛ ረጋ ብላ ነው የምትጠይቀው፣ ትላንት ማታ የት አደርሽ፣ ዛሬስ እዛው ማደር ትችያለሽ፣ ካልሆነ የሚያስጠጋሽ ዘመድ ወይ ጓደኛ ወይ የቤተ ክርስቲያን ሰው አለ። ሴትየዋ እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረችና «በቃ አይፈልጉንም፣ ዝጊው» አለችኝ። እንደኛ ባህል ከሄድክ ልክ ናት፣ እኛ ዘንድ የተቸገረን ሰው «ዘመድ የለህም?» ማለት ሂድልኝ ማለት ነው። እዛ ግን የሥራው አካል ነው፣ ዳይቨርዥን ይሉታል፣ ሰውን ሼልተር ከመግባቱ በፊት ሌላ መውጫ ፈልጎ ማስቀረት። ለምን ቢባል አልጋው ጥቂት ነው፣ አንዴ የገባ ሰው ደግሞ ቶሎ አይወጣም፣ ስለዚህ አንዳንዴ ዲፖዚት ከፍለው፣ አንዳንዴ ያለፈ ሬንት ሸፍነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብለው ያስጠጋህን ሰው በስልክ አናግረው «ሌላ ሦስት ሳምንት ታገሣቸው፣ እኛ ቤት እየፈለግን ነው» ብለው ይጨርሱታል። ስለዚህ ይሄን ጥያቄ ሲጠይቁህ እያባረሩህ አይደለም፣ አትዝጋው። ያቺ እናት ስልኩን ሳንዘጋው ቀርተን በአስር ቀኗ የዲፖዚቱ እርዳታ ተፈቅዶላት አንድ መኝታ ቤት አገኘች፣ የሼልተር በር አልረገጠችም። ሁሌ እንደዛ ይሆናል አልልህም፣ የእርዳታው ብር በበጀት ስለሆነ የሚያልቅበት ወቅት አለ፣ ሁለት ወር ቀድሞ የደወለና ሁለት ቀን ሲቀረው የደወለ ግን እኩል ዕድል የላቸውም።

ከመደወልህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው ወይ የምትኖረው? ሳቅ እንዳይመጣብህ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማ ከካውንቲ የተለየ ራሱን የቻለ መንግሥት ነው፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ሼልተር፣ የራሱ ሶሻል ሰርቪስ አለው። ፖስታ ቤት ግን ለዚህ ግድ የለውም፣ ከከተማው በስተደቡብ ሩት ዋን ላይም ሊንከንያ የሚባለው ሰፈርም ያለ ሰው አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ ይጻፋል፣ የሚኖረው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ስንቱ ሰው ሁለት ባስ ቀይሮ ከሄደ በኋላ «የኛ ነዋሪ አይደለህም» ተብሎ ተመልሷል። ቀላሉ ማወቂያ የመኪናህ ታክስ ነው፣ በየዓመቱ የሚመጣብህን ቢል እየው፣ የላከው ከተማው ነው ካውንቲው? ልጆችህ የሚማሩበትም ይነግርሃል፣ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ፐብሊክ ስኩልስ ከሆነ ከተማው ውስጥ ነህ። ከተማው ውስጥ ከሆንክ 311 ደውለህ «ሆምለስ ሰርቪስ አገናኙኝ» በል፣ በቨርጂኒያ በሙሉ ደግሞ 211 አለልህ። እንግሊዝኛህ ጥሩ ቢሆንም እንኳን «አማርኛ» ብለህ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ነፃ ነው፣ ስለ ቤት ችግር ሲያወሩ ምላስ ይተሳሰራል።

የወረቀቱ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኛ ሰው የሚወድቀው እዚች ጋ ነው። ዘመድ ጋ መሆንህንና መውጣትህን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ፣ ያ ማለት የአጎትህ ልጅ «ከዚህ ቀን በኋላ እዚህ መኖር አይችሉም» ብሎ ቀኑን ጠቅሶ ይጽፍልሃል ማለት ነው። ወረቀቱ እንዲህ በአንድ መስመር ያልቃል፣ ሰዎቹ ግን አያልቁም። አንድ የማውቀው ሰው እህቱ ጋ ነበር፣ ይሄን ደብዳቤ ስትጠየቅ «ወንድሜን ከቤቴ አስወጣሁት ብዬ በገዛ እጄ ልፈርም? እናታችን ብትሰማስ?» ብላ ሁለት ቀን እምቢ አለች። በመጨረሻ ጻፈች፣ ግን የጀመረችው «ወንድሜን በጣም እወደዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው» ብላ ነው፣ ግማሽ ገጽ ምስጋና ከሄደች በኋላ ቀኑን ረሳችው። ጉዳዩን የያዘችው ኬዝ ወርከር አንብባ ፈገግ አለችና «የሚያስፈልገኝ ቀኑ ብቻ ነው» አለች። ባንተ በኩል ቀላል ነው፣ ቤቱ ስለሚሸጥ ሽያጩ የሚያልቅበት፣ ክሎዚንግ የሚባለው ቀን አለ፣ እሱን ቀን ጠቅሶ ሁለት መስመር ይጻፍልህ። ለዘመድህም ንገረው፣ ይሄ ደብዳቤ ክስ አይደለም፣ እሱንም ማንም አይጠይቀውም።

አልሆነም እንበልና ሼልተር ገባችሁ። ምን ይመስላል? አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚታወቁት ሁለቱ፣ ሚል ሮድ ላይ ያለው የከተማው ኮሚዩኒቲ ሼልተርና ሄንሪ ስትሪት ላይ ያለው ካርፐንተርስ ሼልተር ናቸው። የሚል ሮዱን የሚያንቀሳቅሰው ከተማው በኮንትራት የሰጠው ድርጅት ነው። ካርፐንተርስ ግን ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። ለዓመታት ያረጀ የዲኤምቪ ቢሮ ውስጥ ነበር፣ አዎ መንጃ ፈቃድ የምናወጣበት ዲኤምቪ። ያንን አፍርሰው አዲስ ሊሠሩ ሲነሱ ሰዎቹን የት ይውሰዷቸው? በ2018 ላንድማርክ ሞል ገቡ፣ ተዘግቶ ባዶ የነበረው ሜሲስ ውስጥ። አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ በቅናሽ የምንገዛበት ሜሲስ! ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ጋር እራት ይዘን የሄድን ጊዜ ፓርኪንጉ ያው ነው፣ ያንን ሁሉ ሺህ መኪና የሚይዝ አስፋልት በምሽት ባዶውን ተዘርግቶ አንድ ጥግ ላይ ብቻ መብራት አለ፣ እዛ በር ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ቦርሳውን ሳያወልቅ ሆምወርክ ይሠራል። ሞሉ አሁን ፈርሶ ሆስፒታል እየተሠራበት ነው። በ2020 ሄንሪ ስትሪት ተመለሱ፣ ያሁኑ ሕንፃ ብሉም ይባላል፣ ከታች 60 አልጋ ያለው ሼልተር፣ ከላይ 97 ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሆኑ አፓርታማዎች፣ ከነሱም አስሩ ከሆምለስነት ለወጡና ክትትል ለሚያስፈልጋቸው የተለዩ። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ከተማ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው፣ ሼልተሩን ራቅ ያለ ቦታ ከመጣል ይልቅ ከላዩ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ሥር አደረጉት፣ ሜትሮው ደግሞ በእግር ነው። ጎረቤቶቹ ገና ሲታሰብ አልጮሁም ማለቴ አይደለም፣ የት ከተማ አለና የማይጮህበት።

ሆቴል አይደለም፣ ደንብ አለው። የመግቢያ ሰዓት አለ፣ ልብስ ማጠቢያ በተራ ነው፣ መጠጥ የለም፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ከኬዝ ማኔጀር ጋር ቁጭ ትላለህ። በር ላይ ፊርማ። ለሊት ኡበር የምትሠራ ከሆነ ገና በመግቢያው ንገራቸው፣ ለሥራ ሰዓት ነገሩን ማስተካከል ይቻላል፣ ሳትናገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በር ብታንኳኳ ግን ሌላ ነው። ከዛ የሚሞክሩት ራፒድ ሪሃውዚንግ የሚባለውን ነው፣ በራስህ ስም ሊዝ፣ የኪራይ ውል፣ ትፈርማለህ፣ እነሱ ዲፖዚቱንና የተወሰነ ወር ሬንት ይሸፍናሉ፣ ሕጉ እስከ 24 ወር ይፈቅዳል፣ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ ከዛ በጣም ያጠረ ነው። ቤት ፍለጋ ላይ አንድ ጥቅም አለህ፣ ከ2020 ጀምሮ በቨርጂኒያ ሕግ አከራይ «ሬንቱን የሚከፍለው ፕሮግራም ከሆነ አልቀበልም» ማለት አይችልም፣ ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸው ትናንሽ አከራዮች ሲቀሩ። ይሄን ያለህ ካለ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ደውል፣ ነፃ ጠበቃ ናቸው።

ብሩ ከየት ይመጣል ላልከኝ (አላልከኝም ግን ልንገርህ)፣ አብዛኛው ከፌደራልና ከከተማው በጀት ነው። አንዷን ግን የኛ ሰው ሊያውቃት ይገባል፣ በ2018 አሌክሳንድሪያ የምግብ ቤት ታክሷን ከ4 ወደ 5 ፐርሰንት ከፍ አድርጋ የተጨመረችውን አንድ ፐርሰንት ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች መደበችው። ስለዚህ እዛ ከተማ ውስጥ 30 ዶላር ክትፎ የበላ ሰው ለአንድ ሰው ጣሪያ 30 ሳንቲም አዋጥቷል፣ ሳያውቀው። አንተም ስንት ዓመት አዋጥተሃል፣ ስለዚህ ስትደውል የምትጠይቀው ልመና እንዳይመስልህ።

አሁን ምን ታደርግ? አንድ ቦርሳ አዘጋጅ፣ የልጆቹ በርዝ ሰርተፊኬት፣ የሁላችሁም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ፓስፖርትና የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የክትባት ወረቀት፣ የሦስት ወር የኡበር ገቢህን ፕሪንት አድርገህ። መኪና ውስጥ አታስቀምጠው፣ መኪና ይጎተታል። ከዛ ሰኞ ጠዋት ደውል። ባለቤትህ ልክ ናት።

ጥያቄ። «ወንድሜ አሜሪካ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። በቅርብ ነው ሼልተር ውስጥ እንዳለ ከሰው የሰማሁት፣ ለኛ ቤት ቀየርኩ ነው ያለን። እናቴ አታውቅም። እኔ ሼልተር ስል የማውቀው ሜቄዶንያን ነው፣ ያበደ ወይ የታመመ ሰው የሚገባበት። ታሞብን ይሆን? እንዴትስ አሜሪካ ውስጥ ሰው ቤት ያጣል?» — እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ። እህቴ፣ አይዞሽ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሜቄዶንያ የሚያነሳው የሚጦረው የሌለውን አረጋዊና የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፣ የገባ ሰው ቤቱ እዛው ነው፣ ብዙው ዕድሜውን ሙሉ ይኖርበታል። እዚህ ሼልተር ማለት ማለፊያ ነው፣ ገና ሲገባ ጀምሮ መቼና ወዴት እንደሚወጣ ነው የሚወራው። እዛ ውስጥ ከሚያድሩት ጠዋት ዩኒፎርም ለብሰው ሥራ የሚሄዱ አሉ፣ ነርሲንግ ሆም የሚሠሩ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚገፉ። በ2024 ጃንዋሪ በአንድ ሌሊት በመላ አሜሪካ ሲቆጠር 771,480 ሰው ቤት አልነበረውም፣ ከዛ በፊት በነበረው ዓመት 653 ሺህ ገደማ ነበር። ምክንያቱ ዞሮ ዞሮ ሬንት ነው፣ ደሞዝ በእግሩ ሲሄድ ሬንት በመኪና ይሄዳል።

ወንድምሽ የዋሸው አፍሮ ነው። እኔ ብሆን ለእናቴ አልነግራትም ነበር፣ እሱ ራሱ ቤት ገብቶ ሲጨርስ እየሳቀ ይንገራት። ለሱ ግን ደውይለትና እንደሰማሽ ንገሪው፣ በወር በወር የሚልከውንም ለጥቂት ወር ይተውልን በይው። ይሄ የመጨረሻው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እዛም ኑሮው እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከሼልተር እየላከ ያለ ሰው ዲፖዚት አያጠራቅምም።

ጥያቄ። «ብቻዬን ነኝ፣ 50 ዓመት አልፎኛል፣ ታክሲ ነበር የምነዳው አሁን ዴሊቨሪ ነው። ከአራት ወር ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ነው የማድረው፣ አንዳንዴ ዱክ ስትሪት አካባቢ አንዳንዴ ጂም ፓርኪንግ። ሼልተር መግባት አልፈልግም፣ ሰው ያየኛል። ሌላ ምን አለ? ፖሊስስ መኪና ውስጥ መተኛት ወንጀል ነው ሊለኝ ይችላል?» — ሾፌሩ

መልስ። ጋሼ፣ በሕጉ ዓይን ከመጀመሪያው ጠያቂያችን ይልቅ እርስዎ ነዎት ሆምለስ የሚባሉት፣ መኪና ለማደሪያ የተሠራ ቦታ ስላልሆነ 14 ቀን መጠበቅ ምናምን የለብዎትም፣ ዛሬውኑ ደውለው መዝግቡኝ ማለት ይችላሉ። መመዝገብ ማለት ደግሞ ሼልተር መግባት ማለት አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፋይል ይከፈትልዎታል፣ ስንት ጊዜ ውጭ እንዳደሩ፣ ስኳር ወይ ደም ግፊት እንዳለብዎት ይጻፋል፣ ድጋፍ ያለው ቤት ሲገኝ ቅድሚያ የሚሰጠው በዛ መዝገብ ነው። ውጭ ያደሩበት አራት ወር ካልተጻፈ እንዳልነበረ ነው።

ሼልተር ሳይገቡ የሚጠቀሙበት ካርፐንተርስ ውስጥ ዴቪድስ ፕሌስ የሚባል የቀን ክፍል አለ፣ ሻወር ይወስዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ደብዳቤ በዛ አድራሻ ይመጣልዎታል። የደብዳቤው ነገር ቀላል አይደለም፣ አድራሻ የሌለው ሰው መንጃ ፈቃዱን ማደስ ሁሉ ይቸግረዋል፣ መንጃ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ዴሊቨሪውም የለም። ቤንዚን ለመቆጠብ ዳሽ የሚባለው የከተማው ባስ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው፣ ማንም ካርድ አይጠይቅዎትም። ከኖቬምበር ጀምሮ ብርዱ እስኪያልፍ ደግሞ የክረምት ማደሪያ ይከፈታል፣ ማታ ገብተው ጠዋት የሚወጡበት። እባክዎን በዛ ጊዜ ኩራቱን ይተውትና ይግቡ፣ መኪና አስነስቶ ማሞቂያ ከፍቶ መተኛት በጭሱ ይገድላል፣ በረዶ ጭስ ማውጫውን ከደፈነው ደግሞ ሰው ሳያውቀው ነው የሚያልቀው።

ስለ ፖሊሱ፣ በጁን 2024 ሱፕሪም ኮርት ግራንትስ ፓስ በምትባል የኦሪገን ትንሽ ከተማ ጉዳይ ላይ 6 ለ 3 ወስኗል፣ ከተሞች ውጭ የሚተኛን ሰው በገንዘብም በእስርም ቢቀጡ የሼልተር አልጋ ባይኖርም ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። ስለዚህ ነገሩ ለየከተማው ነው የተተወው። የሚያድሩበት ፓርኪንግ የግል ከሆነ ባለቤቱ ውጣ ሲል መውጣት ነው፣ አይከራከሩ፣ መጎተቻውን ብቻ ያስቡት። የመኪናዎ ስቲከርና ኢንሹራንስ እንዳያልፍ፣ ፖሊስ የሚጀምረው ከዛ ነው። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንዱ ሌሊት ሰዎች ባትሪ ይዘው መስኮት ቢያንኳኩብዎት አይደንግጡ፣ ቤት የሌለው ሰው ቆጠራ ነው፣ አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይቆጠሩ።

ሰው ያየኛል ላሉት፣ አዎ ሊያይዎት ይችላል። እኔ እራት ይዤ ስሄድ ከሦስቴ አንዴ የማውቀው ሰው አያለሁ። ሰላም እንባባላለን፣ «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ» ይለኛል፣ «ወጥ ላመጣ» እለዋለሁ፣ በቃ።

ጥያቄ። «የማህበራችን ሴቶች ለሼልተሩ ዶሮ ወጥ ሠርተን መውሰድ እንፈልጋለን። ዝም ብሎ መሄድ ይቻላል ወይ? ለስንት ሰው?» — ከማህበሩ፣ አሌክሳንድሪያ

መልስ። ዝም ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ አስቀድማችሁ ቀን አስይዙ፣ አለበለዚያ በዛው ቀን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ፒዛ ይዞ መጥቶ ዶሯችሁ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ቁጥሩን እነሱ ይነግሯችኋል። የገባበትን ነገር በሙሉ በእንግሊዝኛ ጻፉበት፣ በተለይ ቅቤ ካለው፣ ኑግም ኦቾሎኒም ከነካው። በርበሬውን ግማሽ አድርጉት፣ እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሳችን ሠርተን ወስደን ሕፃናቱ እንጀራውን ብቻ ጠቅልለው በሉ፣ አንድ ሽማግሌ ግን ሦስት ጊዜ አስጨምሮ እንባው እየወረደ «ኤክሰለንት» ሲለን ነበር። አልጫ ጨምሩበት፣ ዳቦም ያዙ።

ትርፍ ብር ካላችሁ ደግሞ ያገለገለ ልብስ አትሰብስቡ፣ ሞልቷቸዋል፣ ለመለየት ራሱ ሰው ይፈጃል። የጎደላቸውን ስጠይቅ በየዓመቱ የሚነግሩኝ ያው ነው፣ የወንድ ካልሲ፣ አዲስ፣ ከነማሸጊያው።